የተስማሙበትን ማን ያስታውሳል?

ስለ ሥልጣን ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው የሚያዝዘውን ሰው ነው፤ የሚያስታውሰውን እምብዛም አናስበውም። ሁሉ የተስማማበት፣ ቃለ ጉባኤውም የተፈረመበት ውሳኔ ከወራት በኋላ እንዳልነበረ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሻረው የለም። አስታዋሽ በማጣት ብቻ ይሞታል። ይህን በግልጽ የሚያሳይ ታሪክ ከቤተ መንግሥት ርቆ፣ በበጎ ፈቃድ ሶፍትዌር በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ አግኝቻለሁ። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን የጀመረው በ1991፣ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከየአገሩ የሚላኩለት ማሻሻያዎች በዙ። የሚላኩት በኢ-ሜይል ነበር፤ የመጨረሻው ተቀባይም እርሱ ራሱ። የወደደውን ያስገባል፤ ያልወደደውን ወይም ያልደረሰበትን ያለ አንዳች መልስ ይተወዋል። ላኪው ዝምታውን «አይሆንም» ብሎ ይተርጉመው ወይስ «ገና ነው» ብሎ፣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ባለሙያዎች መርምረው የተስማሙበት እርማት እንኳ ሳይገባ አዲሱ እትም ይወጣል፤ ላኪው እንደገና ይልካል፤ እንደገናም ይጠፋል። በሴፕቴምበር 1998 ቅሬታው ፈነዳ። ላሪ ማክቮይ ሥራው ሲያድግ አንድ ሰው አብሮ ሊያድግ እንዳልቻለ ጻፈ፤ ሊኑስም ተቆጥቶ ለጥቂት ጊዜ ዕረፍት ወጣ።

በጃንዋሪ 2002 ደግሞ ሮብ ላንድሊ የተረሱትን ማሻሻያዎች የሚሰበስብ አንድ ሰው ይሰየም ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሊኑስ አልተቀበለውም። እርሱ የሚሠራው ከሚያምናቸው ጥቂት ሰዎች ጋር እንደ ሆነ፣ እነርሱም በተራቸው ከሚያምኗቸው ጋር መሥራት እንዳለባቸው አስረዳ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ለሁሉም መልስ ለመስጠት የተገደደ ሰው ሌላ ሥራ አይሠራም። ነገር ግን ደጋግሞ የላከ ያሸንፋል የሚለው ልማድ ከማሻሻያው ጥራት ይልቅ ለላኪው ትዕግሥትና ቅርበት ያደላል። ደጅ ጥናትን ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በተግባር የፕሮጀክቱን ትዝታ ተሸክመው የኖሩት የተጣለውን እየለቀሙ በየራሳቸው ቅጂ ያኖሩ የነበሩት እነ አለን ኮክስ፣ ዴቭ ጆንስና አንድሩ ሞርተን ነበሩ።

በአፕሪል 2005 ሊኑስ ጊት የተባለውን መሣሪያ መሥራት ጀመረ። ጊት የገባውን እያንዳንዱን ለውጥ፣ ማን መቼ እንዳደረገው ጭምር ይመዘግባል። ተስማምተውበት ሳይገባ የቀረውን ግን አያውቀውም።

የፓይተን ሰዎች ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። ከ2000 ጀምሮ ማንኛውም ከባድ የማሻሻያ ሐሳብ ቁጥር፣ ኃላፊነት የሚወስድ ጸሐፊና የደረሰበትን ደረጃ የሚገልጽ ስያሜ እንዲኖረው ደነገጉ። ጸሐፊው የተቃዋሚዎቹንም ሐሳብ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ውድቅ የተደረገው ከነምክንያቱ ይቀመጣል። ከሁሉም የማደንቀው ግን ማንም ሳይሠራበት የቆመው ሐሳብ እንኳ «የተላለፈ» የሚል ስም የሚሰጠው መሆኑን ነው። ቸልተኝነትም በመዝገብ ገባ ማለት ነው።

የዚህ ልማድ ዋጋ የታየው በጁላይ 2018 ነው። የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም በአንድ ማሻሻያ ላይ በተነሣ መራራ ክርክር ተሰላችቶ፣ ተተኪም ሳይሰይም ከመሪነት ወረደ። አባላቱ የአስተዳደር አማራጮችን እንደ ማንኛውም ማሻሻያ በየቁጥራቸው ጽፈው አቀረቡ፤ በዲሴምበር ድምፅ ሰጡ፤ በ2019 መጀመሪያም አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት መረጡ። የተሸነፉት አማራጮች ዛሬም ከአሸናፊው ጎን ተቀምጠው ይነበባሉ።