መዝገበ ቃላቱና እሳቱ

በጀርመን አገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የጀርመንን ቋንቋና ባህል ሳጠና፣ ወገኖቼ ዘወትር «ይህ ትምህርት ምን እንጀራ ያበላል?» ይሉኝ ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለመሆኑ የአንድን ሕዝብ ቋንቋ አጥብቆ ማጥናት ሰውን ከክፋት ይጠብቀዋልን? የትምህርቱ ታሪክ ሁለት መልስ ይሰጣል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1837 የሐኖቨር ንጉሥ ሕገ መንግሥቱን ሲሽር፣ ሰባት የጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ለሕጉ የማሉትን መሐላ እንደማያፈርሱ በጽሑፍ አስታወቁ። ሰባቱም ከሥራቸው ተባረሩ፤ ሦስቱ ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ አገሩን ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ከተሰደዱት አንዱ በተረት ስብስቡ የምናውቀው ያዕቆብ ግሪም ነበር፤ ወንድሙ ቪልሄልምም ከተባረሩት ወገን ነው። ሥራ አጥ ሆነው ሳሉ፣ በ1838 ታላቁን የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ጀመሩ። ያዕቆብ በ1863 ሲሞት ሥራው ገና «ኤፍ» ከሚባለው ፊደል አላለፈም ነበር። የተከፈለችው ጀርመን ሊቃውንት ከምሥራቅም ከምዕራብም ተባብረው በ1961 ፈጸሙት፤ የበርሊን ግንብ የቆመውም በዚያው ዓመት ነው።

ሁለተኛው መልስ ያስደነግጣል። ዮሴፍ ጎብልስ የዶክትሬት ጽሑፉን በ1921 በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው በጀርመን ሥነ ጽሑፍ ነበር፤ ያማከሩትም መምህር ትውልዳቸው ከአይሁድ ነበር። ይኸው ሰው የናዚዎች የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ሆኖ፣ ግንቦት 10 ቀን 1933 በበርሊን አደባባይ ተማሪዎች መጻሕፍት ሲያቃጥሉ ንግግር አደረገ። ለልጆች በጻፋቸው ታሪኮች የታወቀው ኤሪሽ ኬስትነር ከሕዝቡ መካከል ቆሞ የራሱ መጻሕፍት ሲነድዱ ተመለከተ። ኬስትነርም በዚያው የትምህርት ዘርፍ በ1925 ከላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር የሆነ ሰው ነበር።

በቦን ከተማ መጻሕፍት ሲቃጠሉ ንግግር ካደረጉት አንዱም የዚሁ ትምህርት ፕሮፌሰር ነበር። የዘርፉ ሊቃውንት ይህን የገዛ ታሪካቸውን በጉባዔ ፊት በግልጽ የመረመሩት ቆይተው፣ በ1966 ሙኒክ ላይ ነው።

ከዚህ የተረዳሁት፣ ቋንቋ ማወቅ ብቻውን ሰውን ደግ እንደማያደርገው ነው። የግሪም ወንድማማቾችን ያስከበራቸው ቃላት መሰብሰባቸው ብቻ ሳይሆን የገቡትን ቃል መጠበቃቸው ነው። አባቶቻችን «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ይላሉ። በስደት ለልጆቻችን ፊደል ስናስቈጥር፣ ይህን ዕዳ አብረን ካላስተማርን ያስተማርነው ግማሹን ነው።