የሐረር ጁገልና የቤቶቹ ሥርዓት

የአንድ ከተማ ታሪክ በብራና ላይ ብቻ ተጽፎ የሚቀር አይደለም፤ በድንጋዩና በእንጨቱ፥ በመንገዱና በበሩም ተጽፎ ይገኛል። ብራናውን የሚያነቡት ጥቂቶች ናቸው፤ ቤቱን ግን በውስጡ የሚኖር ሁሉ ያነበዋል። ለዚህም ነገር በአገራችን ካሉት ምስክሮች አንዱ ጁገል የተባለው የሐረር ጥንታዊ ክፍል ነው።

ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1535 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ፥ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የከተማይቱን አገዛዝ የያዙት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ነበሩ። ግንቡን ያሠሩትም እርሳቸው መሆናቸውን የከተማይቱ ትውፊት ይናገራል። ዘመኑ የጦርነትና የሕዝብ ፍልሰት ዘመን ስለ ነበረ፥ ግንቡ ለጌጥ ሳይሆን ለሕይወት መጠበቂያ ታስቦ የተሠራ ነው። ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፥ በውስጡ የሚገኘው ስፍራ 48 ሄክታር ነው። አምስቱ ጥንታውያን በሮች በአማርኛ የሸዋ በር፥ የቡዳ በር፥ የሰንጋ በር፥ የኤረር በርና የፈላና በር ይባላሉ፤ ሐረሪዎች ግን በራሳቸው ቋንቋ የሚጠሩበት ሌላ ስም አላቸው። በግንቡ ሥር ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች መተዋቸውም የሚያስገርም ነው፤ ሰውን ለመከልከል የታጠረው ግንብ ጥራጊ ለሚያጸዳው አውሬ መንገድ አልነፈገውም።

ከበሩ አልፎ ጠባቡን መንገድ የተከተለ እንግዳ ከግራና ከቀኝ የሚያየው የግቢ አጥር ብቻ ነው። የቤቱ ክብር ወደ ውጭ አይታይም። ጌይ ጋር የተባለው የሐረሪ ቤት ግድግዳው ከድንጋይና ከጭቃ፥ ጣሪያው ከእንጨት ወራጅና ከአፈር የተሠራ ሲሆን፥ አናቱ ጠፍጣፋ ነው። በትልቁ ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉ፥ ከፍታቸው የተለያየ፥ በቀይ አፈር የተቀቡ አምስት መደቦች አሉ። አሚር ነደባ የተባለው የባለቤቱና የክቡር እንግዳ መቀመጫ ነው፤ ሌሎቹም በዕድሜና በማዕርግ ይለያሉ። ስለዚህ ልጅ ገና ፊደል ሳይቆጥር የት እንደሚቀመጥና ለማን እንደሚነሣ ከመደቡ ይማራል። በግድግዳው መስኮቶችና በላዩ የሚሰቀሉት ሳሕኖችና ሙዳዮች ደግሞ የእናቲቱን ትጋት ይመሰክራሉ።

ገዦች ተለዋውጠዋል። ግብጾች በ1868 ዓ.ም. ከተማይቱን ይዘው እስከ 1877 ዓ.ም. ቆዩ። ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ሲገቡ አገረ ገዥነቱ ለራስ መኰንን ተሰጠ። የህንድ ነጋዴዎችም ባለ ፎቅና ባለ ሰገነት ቤት አመጡ። ሆኖም የነደባው ሥርዓት ከነዚህ ሁሉ ጋር አብሮ ኖረ፤ ምክንያቱም ሥርዓቱን የጠበቀው የአሚሩ ወይም የአገረ ገዥው ትእዛዝ ሳይሆን የእያንዳንዱ ቤተሰብ ልማድ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጁገልን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። መዝገቡ ግን ግድግዳ አይጠግንም። ዛሬ የሚያሠጋው የጠላት ጦር ሳይሆን ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነው። የጭቃ ግንብ እርጥበቱን በገጹ እየተነፈሰ ይኖራል፤ በሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ ከውስጥ ታፍኖ ይቀርና ግድግዳው እያደር ይሰነጠቃል። ነገር ግን ልጆቹ የበዙበትና ጣሪያው የሚያፈስበት አባወራ ቶሎ የሚገኘውን ዕቃ ቢመርጥ በቅርስ ጠላትነት ሊወቀስ አይገባም። ቤቱ ለእርሱ ከሁሉ አስቀድሞ መጠለያ ነውና።

እንግዲህ «አትንካ» የሚል ማስታወቂያ ብቻውን ጁገልን አያድነውም። የጥንቱን አሠራር የሚያውቁ ግንበኞች ሙያቸውን ለወጣቶች የሚያስተምሩበት፥ ባለቤቱም በአቅሙ የሚያሳድስበት መንገድ ሊበጅ ያስፈልጋል። መምህራንም ተማሪዎችን ወደ ግንቡ ሲወስዱ በሮቹን በማስቈጠር አያብቁ፤ ስለ መደቦቹም ያስረዷቸው። ግንቡ ከተማይቱን ከውጭ ጠብቋታል፤ ከውስጥ የጠበቋት ግን ቤቶቿ ናቸው።