ከሳንሱሲ እስከ ዲንሾ፦ በባሌ ተራሮች ወንዞች ዓሣ ለማጥመድ ለሚጓዙ ዜጎች የቀረበ መረጃ

በሀገራችን ዓሣ ማጥመድ ሲነሳ በቅድሚያ የሚታወሱት የዝዋይ፣ የሐዋሳና የጣና ሐይቆች ናቸው። በእነዚህ ሐይቆች በአመዛኙ ቆሮሶና አምባዛ ይጠመዳሉ። በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ግን ትራውት የተባለ ሌላ ዓሣ ይኖራል። ይህ ጽሑፍ ከሳንሱሲና ከሌሎች የአዲስ አበባ አካባቢዎች ተነስተው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዓሣ ለማጥመድ የሚያቅዱ ዜጎች ከጉዞ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያብራራል።

ስለ ዓሣውና ስለ አጠማመዱ

ትራውት የባሌ ወንዞች ነባር ዓሣ አይደለም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከኬንያ ተወስዶ ወደ ወንዞቹ የተለቀቀ ሲሆን፣ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛና በቂ አየር ያለው ውኃ በማግኘቱ ተራብቷል። በዲንሾ አካባቢ የሚፈሱት የወይብ፣ የዳንካና የሻያ ወንዞች በዚህ ዓሣ ይታወቃሉ።

ትራውትን ለማጥመድ በስፋት የሚመረጠው ዘዴ ፍላይ ፊሺንግ ይባላል። በዚህ ዘዴ ትል ወይም ሥጋ በመንጠቆ ላይ አይደረግም፤ በምትኩ በላባና በክር የተሠራ፣ ዝንብን ወይም ሌላ ነፍሳትን የሚመስል መንጠቆ ጥቅም ላይ ይውላል። መንጠቆው እጅግ ቀላል በመሆኑ ወደ ውኃው የሚደርሰው በማጥመጃው ወፍራም ክር ክብደት ነው። ስለሆነም የሚያስፈልገው ዘንግና ክር ከተለመደው የሐይቅ ማጥመጃ ይለያል። መሣሪያው በዲንሾ ከተማ ይገኛል ብሎ መጓዝ ስለማይገባ አስቀድሞ ማሟላት ያስፈልጋል።

ፈቃድና ክፍያ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ፓርኩን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ተጓዦች ወደ ወንዝ ከመውረዳቸው በፊት ዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ቀርበው የመግቢያና የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ሊያገኙ ይገባል። የመግቢያ ክፍያ መፈጸም በራሱ ዓሣ የማጥመድ ፈቃድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ማጥመድ የሚቻልባቸው ስፍራዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ የተጠመደው ዓሣ ወደ ውኃው መመለስ እንዳለበት ወይም ለምግብ መያዝ ይቻል እንደሆነ በዚያው ጠይቀው ያረጋግጡ። የክፍያ መጠን በየጊዜው ሊሻሻል ስለሚችል ዕቅድ ሲያወጡ መጠየቅ፣ ሲከፍሉም ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል ይመከራል።

በሀገር አቀፍ ደረጃ የዓሣ ሀብት አጠቃቀም በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ይመራል። ከፓርኩ ክልል ውጭ ለማጥመድ ያሰበ ሰው የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ማነጋገር ይኖርበታል።

መንገድና ወቅት

ዲንሾ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሳንሱሲ በከተማዋ ምዕራብ ስለሚገኝ፣ የአካባቢው ነዋሪ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ በቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የፍጥነት መንገድ ለመግባት ጎሕ ሳይቀድ መነሳት ይኖርበታል። ከአዳማ በኋላ መንገዱ በአሰላ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ዲንሾ ይደርሳል። በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል መጓዝም ይቻላል። በሕዝብ ትራንስፖርት የሚጓዙ ወደ ሮቤ ወይም ጎባ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍረው ዲንሾ መውረድ ይችላሉ። ከመነሳት በፊት በመስመሩ ላይ ስላለው የመንገድና የጸጥታ ሁኔታ ወቅታዊ መረጃ ማግኘት ያስፈልጋል።

ለጉዞው የሚመረጠው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው የበጋ ወቅት ነው። በዝናብ ወራት ወንዞቹ ስለሚሞሉና ስለሚደፈርሱ ዓሣው መንጠቆውን ማየት ይቸግረዋል፤ ወንዝ መሻገርም ለሕይወት አስጊ ይሆናል። በበጋ ሌሊቶች ግን ውርጭ ይበረታል። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ወፍራም ልብስና የመኝታ ከረጢት መያዝ፣ በመጀመሪያው ቀንም ከከባድ የእግር ጉዞ መቆጠብ ተገቢ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የበረታበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይውረድ።

ወንዙንና ፓርኩን ስለመጠበቅ

የወይብ ወንዝ ከዲንሾ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም ቆላማውን አካባቢ አቋርጦ ወደ ሶማሊያ ከሚዘልቀው ውኃ ጋር ይቀላቀላል። በላይኛው ወንዝ ላይ የሚጣል ቆሻሻ፣ ሳሙናና ዘይት በታች በኩል ውኃውን ለመጠጥ፣ ለከብትና ለመስኖ የሚጠቀመውን ሕዝብ ይጎዳል። ከዚህ የተነሳ ተጓዦች የሚከተሉትን እንዲያከብሩ እናሳስባለን።

1. ሕይወት ያለው ትራውት ወይም እንቁላሉን ወደ ሌላ ወንዝ ወይም ሐይቅ አይውሰዱ። ትራውት አዳኝ ዓሣ በመሆኑ በሌላ ውኃ ቢለቀቅ ነባር ዝርያዎችን ሊያጠፋ ይችላል።
2. በሌላ ውኃ ያገለገለ ጫማና መረብ አጥበውና በሚገባ አድርቀው ይምጡ፤ በሽታና ባዕድ ተክል በእርጥብ ዕቃ ይዛመታል።
3. የሚመለስ ዓሣ በደረቅ እጅ አይያዝ። እጅን አርጥቦ፣ ዓሣውን ከውኃ ብዙ ሳያርቁ መንጠቆውን መንቀል ያስፈልጋል።
4. ውሻ ይዘው አይምጡ። ከውሾች የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ሌሎች ወረርሽኞች በባሌ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ በተደጋጋሚ ፈጅተዋል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ሀገር አይገኝም።
5. የተቆረጠ ክርና መንጠቆ ሰብስበው ይመለሱ፤ ወፎችንና የግጦሽ ከብቶችን ይጎዳል።

አስጎብኚና ማረፊያ

በዲንሾ የአካባቢው አስጎብኚዎችና የፈረስ አከራዮች አሉ። የወንዙን መሻገሪያ፣ የአየሩን ጠባይና የአካባቢውን ሕዝብ የሚያውቁ በመሆናቸው ብቻዎን ከመውጣት ይልቅ ከእነርሱ ጋር መጓዝ ለደኅንነትዎ ይበጃል። የሚከፈላቸው ገንዘብም ፓርኩ ለአካባቢው ነዋሪ ጥቅም እንዳለው የሚታይበት አንዱ መንገድ ነው። ማረፊያና የድንኳን መትከያ ስፍራ ለማግኘት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል።

ከመነሳትዎ በፊት ያረጋግጡ

የታደሰ መታወቂያ፣ የፈቃድና የመግቢያ ክፍያ መረጃ፣ የመንገድ ሁኔታ፣ የማጥመጃ መሣሪያ፣ የብርድና የዝናብ ልብስ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ መስጫ ዕቃ፣ እንዲሁም ቆሻሻ ይዞ ለመመለስ የሚያገለግል ከረጢት መሟላታቸውን ይመልከቱ። የሚሄዱበትን ወንዝና የሚመለሱበትን ቀን ለቤተሰብዎና ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።