የሐር ክርና የደም ሥር፤ ስለ መስፊያ ክር አመራረጥ አጭር ታሪክ

የተቈረጠን የደም ሥር በክር ማሰር ጥንታዊ ጥበብ ነው፤ መስፋት ግን የቅርብ ዘመን ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው መቶ ዓመት ያስፋፋው ማሰርን ነበር፤ ይህም ደሙን ቢያቆም የደሙን መንገድ ጭምር ይዘጋል። የሚሰፋ ሐኪም ችግር ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ስፌቱ ደም እንዳያፈስ፥ ደሙም በስፌቱ ላይ እንዳይረጋ ያስፈልጋል።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር (የቀሩትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) በሰኔ 1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ በሊዮን ከተማ በጩቤ ተወጉ። ወደ ጉበት የሚገባው ትልቁ ደም መላሽ ሥር ስለ ተበሳ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ዐረፉ። በከተማይቱ ሕክምና ይማር የነበረው አሌክሲስ ካሬል የደም ሥር ስፌትን እንዲመረምር ያነሣሣው ይህ ሞት ነው ይባላል።

ሊዮን የሐር ሸማኔዎችና የጥልፍ ሠሪዎች አገር ነበረች። ካሬልም ማዳም ለሩዲዬ ከተባሉ ጥልፍ ጠላፊ ዘንድ ረቂቅ ስፌትን ተማረ። ከበግ አንጀት የሚሠራው ክር በሰውነት ውስጥ እየሟሟ በሳምንታት ይላላል፤ ካሬል የተጠቀመው ግን ቀጭን ሐር ነበር፤ ቫዝሊንም ቀባው። በ1902 ባሳተመው ጽሑፍ ክቡን የሥር አፍ በሦስት ክሮች ወጥሮ ሦስት ማዕዘን አድርጎ መስፋትን ገለጠ። በ1912 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሆኖም የሐር ጉድለት ዘግይቶ ታየ። ሥር ከሥር ጋራ ሲሰፋ ቍስሉ ሽሮ ራሱን ስለሚችል፥ ክሩ ቢደክምም የሚያሠጋ አልነበረም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግን ሰው ሠራሽ የጨርቅ ቧንቧ በታመመው ሥር ምትክ ገባ። ጨርቅና ሥጋ ፈጽሞ አንድ አካል ስለማይሆኑ መጋጠሚያውን ዘወትር የሚይዘው ክሩ ነው። ሐሩም በጊዜ ብዛት ሲደክም መጋጠሚያው ተላቀቀ፤ በዙሪያውም ደም የቋጠረ እብጠት ተፈጠረ። ድኗል ተብሎ የተሸኘው በሽተኛ ከዓመታት በኋላ ለአደጋ ተጋለጠ።

ስለዚህ በሰውነት ውስጥ ጥንካሬውን የማያጣው ፖሊፕሮፒሊን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የሐርን ስፍራ ወሰደ። እርሱም ነቀፋ አለበት፤ ልሙጥ ስለ ሆነ ቋጠሮው መደጋገምን ይሻል፥ በብረት መቈንጠጫ ከተያዘም ሊበጠስ ይችላል። በማደግ ላይ ላለ የሕፃን ሥር ደግሞ ዘላቂነቱ ማነቆ እንዳይሆን፥ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ክር የሚመረጥበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ በሌላ ቦታ ጉድለት የሆነው መሟሟት ለሕፃኑ ጥቅም ሆነ። የክር መልካምነት የሚለካው በክሩ ብቻ ሳይሆን፥ የተሰፋው አካል ራሱን እስኪችል በሚያስፈልገው ዘመን ነው።