ጥቅምት 23 እና የቤት በር

ብስራተ ገብርኤል ውስጥ አንድ የግቢ በር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተንኳኳ እንበል። «ፖሊስ ነን፣ ቤቱ ይፈተሻል» የሚል ድምፅ ተሰማ። ባለቤቱ ማዘዣ ቢጠይቅ ድፍረት ነው ወይስ መብት?

መልሱ ከተጻፈ ቆይቷል። ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። አስቀድሞ የ1923ቱ ሕገ መንግሥትም ሕግ ከፈቀደው ውጪ ቤት እንዳይፈተሽ ይከለክል ነበር። አንቀጽ 32 እና 33 ግን ዝርዝሩን አስቀመጡት። ማዘዣ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። የሚፈለገው ዕቃ በማዘዣው ላይ ተለይቶ ይጻፋል፤ ሽጉጥ ፍለጋ የገባ ፖሊስ የቤቱን ሰነድ ሁሉ ጠራርጎ መውጣት አይችልም። ያለ ማዘዣ የሚገባው ፖሊስ እግር በእግር የሚያሳድደው ተጠርጣሪ ቤት ሲገባ፣ ወይም አቤቱታ በቀረበበትና ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማዘዣ እስኪወጣ ማስረጃው ይሸሻል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖረው ነው።

የተያዘው ዕቃ ይመዘገባል፤ ሲቻልም ገለልተኛ ሰው ዝርዝሩን አይቶ ይፈርማል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ይህን ፊርማ ነው። እንደ ብስራተ ገብርኤል ባለ ግንብ አጥር በበዛበት ሰፈር ግን በግቢው ውስጥ የሆነውን ጎረቤት አያይም። «ይህ ዕቃ የኔ አይደለም» የሚል ሰው ከዚያ ፊርማ ሌላ ምን ምስክር አለው?

ደርግ ሕገ መንግሥቱን ሲያግድ ይህን ሕግ አልሻረውም። መሻርም አላስፈለገውም። በመጋቢት 1969 በአዲስ አበባው አሰሳ ታጣቂዎች ቤት ለቤት እየገቡ መሣሪያ፣ የጽሕፈት መኪናና የወረቀት ማባዣ ሲፈልጉ ስለ ማዘዣ ማን ይጠይቃል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ለመኖሪያ ቤት ጥበቃ ሰጠ። የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ደግሞ ፍርድ ቤት ሲፈቅድ በድብቅ የሚደረግ ብርበራን ይዞ መጣ። ባለቤቱ ሳያውቅ በሚበረበር ቤት ማዘዣ አሳዩኝ የሚል ሰው የለም።

ከዚያ ጥቅምት 23 ቀን 2014 መጣ፤ ሕጉ በወጣ ቀን ለቀን በ60 ዓመቱ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በጦርነቱ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደነገገ፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው መያዝና ቤት መፈተሽ ተፈቀደ። አዲስ አበባም ቤት ለቤት ተፈተሸች። አዋጁ የተነሳው የካቲት 8 ቀን 2014 ነው።

በመደበኛው ሕግ ግን ብርበራ የሚደረገው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያንኳኳው ፖሊስ ማዘዣ መያዙ ብቻ አይበቃውም፤ ፍርድ ቤቱ በሌሊት እንዲገባ በግልጽ ያዘዘለት መሆን አለበት።