ጨረቃ ከላሚ ጎን

የመጀመሪያው የሌሊት ሰማይ ፎቶዬ ብርቱካናማ ነበር። ሙሉ በሙሉ። አዳማ ውስጥ የተከራየሁበት ፎቅ ሰገነት ላይ ሆኜ 30 ሰከንድ ሙሉ ብርሃን ሳስገባ ካሜራው የሰበሰበው የመንገድ መብራቱን ነው። ሁለተኛው ላይ ከዋክብቱ እንደ ሳሙና አረፋ አብጠው ወጡ። የሌንሱን ቀለበት መጨረሻው ድረስ አዙሬ ‹በቃ ሩቁን ያያል› ብዬ ነበር። ለካስ ቀለበቱ ከትክክለኛው ቦታ አልፎም ይዞራል። አንድ ደማቅ ኮከብ ስክሪኑ ላይ አጉልተህ ነጥቡ እስኪያንስ ድረስ በእጅህ ማስተካከል አለብህ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ከዋክብቱ ጭረት ሆኑ፤ መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ያገለገለው ካሜራዬና 50 ሚሊሜትር ሌንሴ ከ6 ሰከንድ በላይ አይታገሱም።

ይሄን ሁሉ ጣጣ ውስጥ የገባሁት አንድ የቆየ ክርክር በገዛ ዓይኔ ለማጣራት ፈልጌ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ በስተደቡብ ርቆ የሚገኘው የቦረና ሕዝብ ጊዜን የሚቆጥረው በጨረቃና በከዋክብት ነው። አስመሮም ለገሰ ስለ ገዳ ሥርዓት በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመው መጽሐፉ ይህን የዘመን አቆጣጠር ለዓለም አንባቢ አስተዋወቀ። ዓመቱ 12 የጨረቃ ወራት፣ 354 ቀናት አሉት። ሳምንት የሚባል ነገር የለም። ለቀናቱ 27 ስሞች ስላሉ ወሩ ሳያልቅ ስሞቹ አልቀው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። (ኮድ ለምትጽፉ፦ ሞዱሎ 27።) ወሩን ለመለየት አያንቱ የሚባሉት አዋቂዎች ጨረቃን ከሰባት ከዋክብት ወይም የኮከብ ስብስቦች ጋር ያስተያያሉ፦ ላሚ፣ ቡሳን፣ በከልቻ፣ አልገጂማ፣ አርብ ገዱ፣ ኡርጂ ወላ እና በሳ። ላሚ ትሪያንጉለም የምትባለው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ናት። ቡሳን ፕሊያዲስ፣ አርብ ገዱ የኦሪዮን መቀነትና ሰይፍ፣ በሳ ደግሞ ከሁሉም የምትደምቀው ሲሪየስ ናት።

ክርክሩ የተነሳው ‹ጨረቃ ከላሚ ጋር ስትሆን› ከሚለው አባባል ነው። ‹ጋር› ማለት ምን ማለት ነው?

ሎረንስ ዶይል የተባለ አሜሪካዊ የከዋክብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 መልስ ሰጠ። እንደ እሱ አተረጓጎም ‹ጋር› ማለት ጨረቃና ኮከቡ በአድማሱ ላይ ከአንድ ቦታ ሲወጡ ነው። ግን ችግር አለ። የላሚ ደማቅ ኮከብ ዛሬ ከሰማይ ወገብ 35 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትገኛለች፤ ጨረቃ ደግሞ ቢበዛ ቢበዛ 28 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው የምትደርሰው። አይገናኙም። የመሬት ዛቢያ ግን 26,000 ዓመት ገደማ በሚፈጅ ዑደት እንደ እንዝርት ስለሚወዛወዝ የከዋክብት ቦታ ቀስ በቀስ ይቀየራል። ዶይል ወደ ኋላ ሲያሰላ ሁለቱ የሚገጥሙት ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት አካባቢ ሆነ። ስለዚህ አቆጣጠሩ ያኔ የተፈጠረ ነው አለ።

ለዚህ አስቀድሞ የተዘጋጀ የሚመስል ማስረጃም ነበር። ሊንችና ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 በኬንያ፣ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ ያሉ 19 የባዛልት ምሰሶዎች ወደ እነዚሁ ከዋክብት እንደሚያመለክቱ ጽፈው ነበር፤ የሰጡትም ዘመን ያው 300 ዓመተ ዓለም ነው።

እኔም አመንኩ። እንዲያውም ላረጋግጠው ተነሳሁ። ከአዳማ ወደ ባቱ ወረድኩ፤ ከተማዋ ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ ስለሆነች ወደ ምሥራቅ ስታይ ከፊትህ ውኃ ብቻ ነው። በ2017 የመስቀል ሰሞን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ላሚ ከሰሜን ምሥራቅ ስትወጣ በየ5 ሰከንዱ አነሳኋት። የካሜራው መቆሚያ ያረፈበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ ታኅሣሥ 6 ቀን፣ ሙሉ ጨረቃዋ ወደ ሰሜን ጥግ በምትወጣበት ምሽት ተመለስኩ። ይህቺ ጥግ 18.6 ዓመት ጠብቃ የምትመጣ ናት፤ ጨረቃ ከዚያ አልፋ ወደ ሰሜን አትሄድም።

እዚያ አካባቢ ጥበቃ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ ምን እየጠበቅክ ነው?»

«ጨረቃን ነው አባባ።»

«እሷ እንደሆን ትወጣለች። ይሄ ሁሉ ዕቃ ለምንድን ነው?»

አሳማኝ መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ሁለቱን ፎቶዎች አነባብሬ በሐይቁ ማዶ ባለች ጉብታ አስተካከልኳቸው። ላሚ በወጣችበትና ጨረቃ በወጣችበት መካከል 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ክፍተት አለ፤ 13 ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር የሚሞላው። ዶይል ልክ ነው! ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁ። ‹የ2300 ዓመት የሰማይ ለውጥ በባቱ› የሚል ርዕስ ሁሉ ሰጥቼው ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዚያ ነው የቀሩትን ጽሑፎች ያነበብኩት። ቅደም ተከተሌ ተገላቢጦሽ እንደነበር አውቃለሁ።

መጀመሪያ ምሰሶዎቹ። ሮበርት ሶፐር የተባለ አርኪኦሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ቀላል ነገር ጻፈ፦ ድንጋዮቹ ማግኔታዊ ናቸው። በኮምፓስ ስትለካቸው መርፌውን ራሳቸው ይስቡታል። የሌንሴን ቀለበት አስታወስኩ። መሣሪያህ ራሱ የሚዋሽህ ከሆነ ውጤትህ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ምሰሶዎቹን ከ4000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወሰዷቸው። ያ ‹300› የሚል ድልድይ ፈረሰ ማለት ነው።

ቀጥሎ ‹ጋር› የሚለው ቃል። ማርኮ ባሲ የተባለ ጣሊያናዊ አንትሮፖሎጂስት ቦረና ድረስ ሄዶ ከአዋቂዎቹ ተማረና እ.ኤ.አ. በ1988 የመስክ ዘገባውን አሳተመ። እንደ እሱ ዘገባ አያንቱዎቹ የሚያዩት ጨረቃና ኮከቡ ሰማይ ላይ ጎን ለጎን መሆናቸውን ነው፤ አንዱ ወደ ሰሜን አንዱ ወደ ደቡብ ራቅ ቢል ግድ የላቸውም። በዚህ አተረጓጎም ላሚ 35 ዲግሪ ላይ ብትሆን ምንም ችግር የለም። ጨረቃ በየወሩ ከጎኗ ታልፋለች። አቆጣጠሩ ዛሬም ይሠራል።

እኔን የነካኝ እዚህ ጋ ነው። የእኔ ፎቶ ስህተት አልነበረም፤ 6 ዲግሪ ተኩሉ እዚያው አለ። የተሳሳተው ጥያቄው ነው። የዶይል ስሌት ንጹህ ነው፣ እኔ ብሠራው እኮራበታለሁ። ግን ስሌቱን ተከትለህ ከሄድክ ቦረና ላይ ዛሬ ቆመው ሰማይ የሚያዩ ሰዎች የማይሠራ የጥንት ሰዓት ተሸክመው የሚዞሩ ይሆናሉ። እኔ ደግሞ እዚሁ ኦሮሚያ ውስጥ ተቀምጬ፣ ቋንቋውንም እየሰማሁ፣ ‹እናንተ እንዴት ነው የምታዩት?› ብሎ መጠየቅ ትዝ አላለኝም። ካሜራ ገዛሁ።

መጋቢት 23 ቀን 2017 ወደ ሰገነቴ ተመለስኩ። በዚያ ሰሞን ጨረቃ በየወሩ ቡሳንን እየተጠጋች ታልፍ ነበር። አዲስ ጨረቃ አይደለችም፣ ሦስት ቀን ሆኗታል፤ አያንቱ ቢያዩኝ ‹ዘግይተሃል› ይሉኝ ይሆናል። ጨረቃን ለማሳመር ስሞክር ቡሳን ይጠፋል፤ ቡሳን እንዲታይ ሳደርግ ጨረቃዋ ነጭ እሳት ትሆናለች። ዓይኔ ግን ሁለቱንም ያለ ምንም ችግር ያያል። ካሜራውን አጥፍቼ ትንሽ አየሁ። ከዚያ መልሼ አብርቼ አንድ ሰከንድ ሞከርኩ፦ ጨረቃዋ ጫፏ ተቃጥሏል፣ ጨለማው ገጿ ግን ከመሬት በሚመለሰው ብርሃን ደብዝዞ ይታያል፤ ከጎኗ አምስት ነጥቦች። ስድስተኛዋን እስካሁን እየፈለግኋት ነው፤ የጎረቤት መብራት ውስጥ ሳትሆን አትቀርም።