ሰጋጅ ከሶፍ መሀል ቢወድቅ፦ ስለ ልብ ማስነሻው መሣሪያ (ኤኢዲ) ማወቅ ያለብን



ጊዜው ረመዳን ነበር። በውጭ ሀገር በምንሰግድበት አንድ መስጂድ ተራዊሕ እየተሰገደ ሳለ በሁለተኛው ሶፍ የነበሩ አንድ አባት በድንገት ወደቁ። አጠገባቸው የነበርን ሰዎች ደርቀን ቀረን። ከፊላችን ሶላት መቁረጥ ይፈቀድ እንደሆነ አመነታን። አንዱ ውሃ አምጡ አለ፤ ሌላው ተሸክመን መኪና ውስጥ እናስገባቸው አለ። መስጂዱ የልብ ማስነሻ መሣሪያ ነበረው፤ ነገር ግን ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉን የሚይዘው ወንድምም ያን ምሽት አልመጣም። አምቡላንሱ ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። አላህ ይዘንላቸው።

ሞትና ሕይወት በአላህ እጅ ናቸው። ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው። በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት ውዱእን ከነሱናዎቹ ደጋግመን አስተምረናል፤ ሰው ፊታችን ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ግን አንድ ቀንም አላስተማርንም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ያንን ጉድለት በጥቂቱም ቢሆን ለመሙላት ነው።

ኤኢዲ ምንድን ነው?

ኤኢዲ «አውቶማቲክ ኤክስተርናል ዲፊብሪሌተር» የሚለው ስም ምህጻር ነው። ትንሽ የእጅ ሻንጣ የሚያክል፣ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ደረት ላይ በሚለጠፉ ሁለት ፓዶች አማካይነት የልብን ምት ያነባል። ምቱ በኤሌክትሪክ ንዝረት ሊስተካከል የሚችል ከሆነ ንዝረቱን ራሱ ይሰጣል ወይም ቁልፉን ተጫኑ ብሎ ያዛል። ንዝረት የማያስፈልገው ከሆነ ቁልፉን ብንጫነው እንኳ አይሰጥም። ስለዚህ «ተሳስቼ ሰው ብገድልስ?» የሚለው ስጋት ሊያስቆመን አይገባም። መሣሪያው የተሠራው ሐኪም ላልሆነ ሰው ነው፤ ሲከፈትም በድምፅ ደረጃ በደረጃ ይመራል። ድምፁ የሚናገረው በሀገሩ ቋንቋ ስለሆነ ቋንቋውን የማይችሉ አባቶችና እናቶች ፓዶቹ ላይ ያሉትን ሥዕሎች መከተል ይችላሉ።

«ልብ ማስነሻ» የሚለው መጠሪያ ትንሽ ያሳስታል። በብዙዎቹ ድንገተኛ አደጋዎች ልብ መጀመሪያ ላይ ጸጥ አይልም፤ ያለ ሥርዓት ይንቀጠቀጣል፤ ደም መርጨትም ያቆማል። ንዝረቱ ይህን መንቀጥቀጥ ገትቶ ልብ የራሱን ትክክለኛ ምት እንዲጀምር ዕድል ይሰጠዋል።

ይህ ሁኔታ በተለምዶ «ሃርት አታክ» ከምንለው ሕመም ይለያል። ሃርት አታክ የልብ የደም ቧንቧ ሲዘጋ የሚመጣ ነው። ሰውየው ብዙ ጊዜ ራሱን ያውቃል፤ ደረቱን ያመዋል፤ ያልበዋል። አምቡላንስ በፍጥነት ይጠራለታል እንጂ ነቅቶ ሳለ ኤኢዲ አይጠቀሙለትም። ልቡ የቆመ ሰው ግን ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ሲጠሩት አይመልስም፤ በትክክል አይተነፍስም። የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሊለወጥ ስለሚችል በሽተኛውን ብቻውን መተው አይገባም።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የማን ናቸው?

እ.ኤ.አ. በ1965 ዶክተር ፍራንክ ፓንትሪጅ በቤልፋስት ከሆስፒታል ውጪ የሚሠራ ዲፊብሪሌተር ሲሠሩ መሣሪያው 70 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ዛሬ ልጅ የሚያነሳው ሆኗል። ክብደቱ ይቀየር እንጂ የሰውነታችን ሕግ ያው ነው፦ ደረቱ ካልተጫነና ንዝረት ካላገኘ የወደቀው ሰው የመትረፍ ዕድል በእያንዳንዱ ደቂቃ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። የትኛውም ከተማ ቢሆን አምቡላንስ በ3 ደቂቃ ውስጥ መድረሱ ብርቅ ነው። ስለዚህ እነዚህ ደቂቃዎች በሶፉ ውስጥ አብረውት የቆሙ ሰዎች ናቸው።

ለዚህ ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው ከማንጠብቀው ቦታ ነው። በአሜሪካ ቁማር ቤቶች የጥበቃ ሠራተኞች ኤኢዲ እንዲጠቀሙ ሠልጥነው የተገኘው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል። ልባቸው በንዝረት በሚስተካከል ሁኔታ ላይ ከነበሩ 105 ሰዎች 53 በመቶው በሕይወት ከሆስፒታል ወጥተዋል። ሲወድቁ ከታዩት መካከል በ3 ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያውን ንዝረት ያገኙት 74 በመቶ፣ ከ3 ደቂቃ በኋላ ያገኙት ደግሞ 49 በመቶ ተርፈዋል። ያተረፏቸው ዘበኞች እንጂ ሐኪሞች አልነበሩም። ቁማር ቤት ለደንበኛው ያዘጋጀውን መስጂድ ለሰጋጁ ሳያዘጋጅ መቅረቱ ሊያሳስበን ይገባል።

ኳስ የሚከታተሉ ወጣቶቻችንም ሰኔ 12 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ዴንማርክ ከፊንላንድ ስትጫወት ክሪስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሃገን ሜዳ ላይ የወደቀበትን ቀን ያስታውሳሉ። ደረቱ ወዲያው ተጫነ፤ ንዝረት ተሰጠው፤ በቀጣዩ ዓመትም ወደ ጨዋታ ተመለሰ።

ሰው ሲወድቅ ምን እናድርግ?

1. ትከሻውን እየነካን ጮክ ብለን እንጥራው። መልስ ከሌለ አተነፋፈሱን ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ እንይ። እንደ ማንኮራፋት ያለ አልፎ አልፎ የሚመጣ ማጣጣር ትንፋሽ አይደለም።

2. «አንድ ሰው ይደውል» ብቻ ብንል ማንም ላይደውል ይችላል። በእጃችን እየጠቆምን «አንተ ደውል፤ አንተ ኤኢዲውን አምጣ» እንበል። የአምቡላንስ ቁጥር በኢትዮጵያ የቀይ መስቀሉ 907፣ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998፣ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች 112፣ በብሪታንያ 999 ነው።

3. መሣሪያው እስኪመጣ በጀርባው አስተኝተን የደረቱን መሀል በሁለት እጃችን አጥብቀን እንጫን። ለአዋቂ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው። ሲደክመን ሌላ ሰው ይተካን።

4. ኤኢዲው ሲደርስ እናብራው፤ ደረቱን እንግለጥ። ውዱእ ላይ የነበረ ከሆነ ደረቱን በፎጣ እናድርቅ፤ ውሃ ከቋረበት ቦታም እናርቀው። ደረቱ ላይ የአንገት ሐብል ወይም ክታብ ካለ ገለል እናድርገው። አንዱን ፓድ ከቀኝ ትከሻ በታች ደረቱ ላይ፣ ሁለተኛውን ከግራ ብብት በታች ጎኑ ላይ እንለጥፍ።

5. መሣሪያው ምቱን ሲያነብና ንዝረት ሲሰጥ ማንም ሰውየውን አይንካ። ንዝረቱ እንዳለፈ ወዲያው ደረቱን መጫን እንቀጥል። «ንዝረት አያስፈልግም» ካለና ሰውየው አሁንም ካልተነፈሰም መጫናችንን አናቁም። መሣሪያው በየ2 ደቂቃው እንደገና ያነባል።

6. ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የልጆች ፓድ ወይም የልጅ ማብሪያ ካለ እሱን እንጠቀም። ከሌለ የአዋቂውን አንዱን ደረት ላይ፣ ሌላውን ጀርባ ላይ መለጠፍ ይቻላል።

ሶላት ላይ ብንሆንስ?

ብዙዎቻችንን የሚያስረው ይህ ጥያቄ ነው። ፉቀሃዎች ሊጠፋ የተቃረበን ነፍስ ለማዳን ሶላትን መቁረጥ ግዴታ እንደሚሆን ገልጸዋል፤ ምሳሌ አድርገው የሚጠቅሱትም ውሃ ውስጥ የሚሰጥምን ሰው ነው። በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቅ ዒዝ ኢብኑ ዐብዲሰላም «ቀዋዒዱል አሕካም» በተባለው ኪታባቸው የሚሰጥምን ሰው ማዳን ከሶላት እንደሚቀድም አስረድተዋል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፦ ሶላቱን ኋላ መክፈል ይቻላል፤ ያለፈች ነፍስ ግን አትመለስም። በሶፍ መሀል ልቡ የቆመ ሰው ከሚሰጥመው ሰው በምንም አይለይም።

ሁሉም ሰጋጅ መቁረጥ አይጠበቅበትም። ማዳኑ ፈርድ ኪፋያ ነው፤ የሚበቁ ሰዎች ከተነሱ ከሌላው ይነሳል፤ ማንም ካልተነሳ ግን የሚችል ሆኖ የተወ ሁሉ ይጠየቅበታል። አጠገቡ ያሉ አምስት ስድስት ሰዎች ከቆረጡ በቂ ነው። ሶላት ውስጥ ሆኖ ማንም ማንንም ስለማይጠይቅ ኢማሞቻችን ይህን ሑክም አስቀድመው በጁሙዓ ኹጥባ ቢናገሩት ትልቅ ጥቅም አለው።

የወደቀችው ሴት ብትሆንስ?

በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች በአደባባይ የወደቁ ሴቶች ከወንዶች ባነሰ መጠን የደረት መጫን እርዳታ እንደሚያገኙ አሳይተዋል። መንካትን መፍራት የእኛ ብቻ ችግር አይደለም ማለት ነው። ሸሪዓችን ግን መልሱን ሰጥቷል። ዶሩራ የተከለከለውን ይፈቅዳል፤ የሚፈቅደውም በልኩ ነው። ሠልጣኝ እህት በቅርብ ካለች እሷ ትቅደም። ከሌለች አንድም ሰከንድ ሳይባክን ያለው ወንድ ይርዳት። ፓድ ለመለጠፍ የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ይገለጣል፤ እህቶች ዙሪያዋን ቆመው በሻሻቸው ይጋርዷት። የሴቶች መስገጃ ብዙ ጊዜ በሌላ በር ወይም ፎቅ ላይ ስለሆነ ሥልጠናውን እህቶችም መውሰድ አለባቸው።

የት ይሰቀል? ማን ይከታተለው?

መሣሪያው ከየትኛውም የመስጂዱ ክፍል ፈጥኖ ለሚሄድ ሰው ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባልበለጠ ጊዜ የሚደረስበት ቦታ ይሁን። ጫማ ማስቀመጫው አጠገብ፣ ከወንዶችም ከሴቶችም በር የሚታይ ግድግዳ ይመረጣል። በቁልፍ አይዘጋ። በሶላት ወቅቶች መሀል መስጂዱ የሚዘጋ ከሆነና የአካባቢው ሁኔታ ከፈቀደ ከበሩ ውጪ ባለ ሣጥን ማኖር የተሻለ ነው፤ የእምነት ልዩነት ሳይኖር ጎረቤትም ይድንበታል።

ፓዶቹና ባትሪው የአገልግሎት ጊዜ አላቸው። ስለዚህ አንድ ኃላፊ ተመድቦ በየወሩ የመሣሪያውን የዝግጁነት መብራትና የፓዶቹን ቀን ይይ። ከወር ወር መዘንጋት እንዳይመጣ ከወሩ የመጀመሪያ ጁሙዓ ጋር ማያያዝ ይቻላል።

ወጪውስ?

መሣሪያው ርካሽ አይደለም፤ በአሜሪካ አዲሱ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ዘካ በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ ለተዘረዘሩት ስምንት ክፍሎች የተወሰነ ነው ስለሚሉ ከዘካ ገንዘብ ባይገዛ ይመረጣል። በሰደቃና በወቅፍ ግን በሩ ክፍት ነው። ለምንጣፍና ለድምፅ ማጉያ የሚለግሱ ወንድምና እህቶች ይህንንም ለሟች ወላጆቻቸው ሰደቀቱል ጃሪያ አድርገው ሊነይቱት ይችላሉ። ሲለግሱ የባትሪና የፓድ መቀየሪያውን አብረው ቢያስቡ መሣሪያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የግድግዳ ጌጥ አይሆንም።

በሀገራችን ከየት እንጀምር?

በኢትዮጵያ ኤኢዲን በመስጂድ ግድግዳ ላይ ማየት ገና አልተለመደም። በጁሙዓ ቀን አንዋር መስጂድ ዙሪያ፣ በዒድ ቀን ደግሞ በአዲስ አበባ ስታዲየም የሚሰበሰበውን ሕዝብ ላሰበ ሰው ፍላጎቱ ግልጽ ነው። መሣሪያው እስኪመጣ ግን እጃችን አለ። ደረት መጫን ገንዘብ አያስወጣም፤ ብቻውንም ጊዜ ይገዛል። በጀማዓው ውስጥ ያሉ ሐኪሞችና ነርሶች ከዐስር ሶላት በኋላ ለአንድ ሰዓት ቢያሠለጥኑ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። አምቡላንሱ በሰፈር ምልክት ስለሚመጣ ዋናው መንገድ ድረስ ወጥቶ የሚመራው ወጣት፣ በሩን ከዘጉት መኪኖችም መንገድ የሚያስለቅቅ ሰው አስቀድሞ ይመደብ።

የሱረቱል ማኢዳን 32ኛ አንቀጽ ብዙ ጊዜ በኹጥባ ሰምተነዋል። በሚቀጥለው ጁሙዓ ወደ መስጂዳችን ስንገባ ኮሚቴውን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ መሣሪያው አለን? ካለ የት ነው፣ ክፍትስ ነው? ሊጠቀምበት የሚችልስ ስንት ሰው አለን?

ወላሁ አዕለም።